ቫይረሱ ተጠርጎ ፍላሹ አልነበብ ሲል

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ በመኝታ ክፍሎቻችን አዘውትረው ከሚሰሙት ጩኸቶች አንዱ «ፍላሼ ባዶ ሆነ!» የሚለው ነው። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻም የሰማነው ይህንኑ ነበር። አንድ የአራተኛ ዓመት ጓደኛችን የጽሑፉን አራት ምዕራፍ፣ ገጠር ወርዶ የሰበሰበውን የመጠይቅ መልስና አማካሪ መምህሩ ያረሙለትን ረቂቅ ሁሉ በአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሊያሳትም ሄደ። አሳትሞም በሰላም ተመለሰ። ማታ ፍላሹን በክፍላችን ባለው የጋራ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካው አንቲቫይረሱ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እኛም እንደ ጀግና ተነሥተን ኮምፒዩተሩንም ፍላሹንም አስጠረግን። ሰባት ተባይ ተገደለ ተባለና ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ፍላሹ ሲከፈት አንድም ፋይል የለበትም።

በእንደዚህ ያለ ሰዓት እንግዲህ መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ቫይረሱ በልቶታል» አለ። ሌላው «የለም፤ የበላውስ አንቲቫይረሱ ነው» አለ። ሦስተኛው «ፎርማት አድርገውና ተገላገል» ሲል ከሁሉ የከፋውን ምክር ሰጠ። የጓደኛችን እጅም ማውሱ ላይ ነበር። በዚያች ደቂቃ ጣቱ ቢፈጥን ኖሮ የስምንት ወር ድካሙ ምን ይሆን እንደ ነበረ ስናስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነናል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው። ቫይረስ ከተጠረገ በኋላ ፍላሽ አልነበብ ሲል ፋይሎቹ በአብዛኛው በቦታቸው አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋቸው ቫይረሱ ሳይሆን ባለቤቱ ደንግጦ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህንንም እንዲያው ለማጽናናት ያህል ሳይሆን የነገሩን አሠራር በማስረዳት ልናሳይ እንሞክራለን። የምንናገረው ሁሉ ዊንዶውስ ስለሚባለው ሲስተም ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁላችንም የምንሠራው በእርሱ ነው፤ በፍላሽ የሚዛመቱትም ተባዮች በብዛት የተጻፉት ለእርሱ ነው።

በመጀመሪያ ተባዩ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በተማሪ ፍላሽ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ሁላችንም «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው ነው። በትክክል እንነጋገር ከተባለ ይህ ትል ከሚባለው ወገን ነው። ቫይረስ በሌላ ፕሮግራም አካል ላይ ተጣብቆ ሲኖር፣ ትል ግን ራሱን ችሎ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል። ስሙም አንድ አይደለም፤ ጋማሩ፣ ዶርክቦት፣ ጄንክስከስ እየተባሉ የሚጠሩ ብዙ ዘመዳሞች አሉት። ፍላሽ በተበከለ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ተሰካ ትሉ በላዩ ያሉትን ፎልደሮችና ፋይሎች ይሰውራቸዋል። አይሰርዛቸውም፤ ይሰውራቸዋል። ከዚያም በተሰወረው ፎልደር ምትክ ስሙም መልኩም ያንኑ የሚመስል ሾርትከት ያስቀምጣል። ባለቤቱ «ምዕራፍ ሦስት» የሚለውን ሲጫን ሾርትከቱ አስቀድሞ ትሉን ያስነሣል፤ ወዲያው ደግሞ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትለታል። ሰውየውም የፈለገው ስለ ተከፈተለት አንዳች ነገር አይጠረጥርም።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትሉ ፋይሎቹን ቢያጠፋ ኖሮ ባለቤቱ በማግስቱ ነቅቶ ፍላሹን ይጥለው ነበር፤ ትሉም አብሮ ይጣል ነበር። የትሉ ፍላጎት ግን ፍላሹ ዕለት ዕለት ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እንዲዞር ነው። ስለዚህ የባለቤቱን ንብረት ደኅና አድርጎ ማኖር ለራሱ ይጠቅመዋል። በዚህ በኩል አንዳንዴ ከባለቤቱ የተሻለ ጠባቂ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን አንቲቫይረሱ ይመጣል። የእርሱ ሥራ ጎጂውን መግደል ስለ ሆነ ትሉን ይሰርዛል፤ ሾርትከቶቹንም ይሰርዛል። የተሰወሩትን ፎልደሮች ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ተሰወሩ ይተዋቸዋል። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ፋይል መሰወር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዊንዶውስም ቢሆን የገዛ ፋይሎቹን ይሰውራል። ነገሩ ሌባው ተይዞ ሲወሰድ ዕቃውን የት እንደ ደበቀው የጠየቀው ሰው እንደሌለ ያለ ነው። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ባዶ ቤት ሲያይ ተዘረፍሁ ብሎ ይጮኻል፤ ዕቃው ግን ቆጥ ላይ ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ የታመመው ፍላሹ ነው ወይስ ኮምፒዩተሩ? ይህን ለማወቅ ፍላሹን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ነገር ግን በየጓደኛ ላፕቶፕ ላይ እየሰኩ መዞር በሽታውን ማዞር ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ነው፤ ለምሳሌ ኡቡንቱ። በኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ካሉት ወዳጆቻችን መካከል ይህ ያለው አይጠፋም። ለዊንዶውስ የተጻፈው ትል በዚያ አይነሣም፤ ከዚህም በላይ የዊንዶውስ መሰወሪያ ምልክት በሊኑክስ ዘንድ ከቁም ነገር ስለማይቆጠር የተሰወረው ሁሉ ያለ ምንም ትእዛዝ ይታያል። የጓደኛችንን ፍላሽ ከታችኛው ፎቅ በተዋስነው ላፕቶፕ ላይ በሰካን ጊዜ አራቱም ምዕራፎች ተደርድረው ታዩ። በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ መግለጽ አንችልም።

ፋይሎቹ በሊኑክስ ከታዩ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሊኑክስ የሌለው ሰው ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ፍላሹን በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ይመልከት። ሲከፈት ባዶ የሚመስለው ፍላሽ 9 ጊጋባይት ተይዟል የሚል ከሆነ ፋይሎቹ አሉ ማለት ነው። ባዶ ዕቃ አይከብድም።

መሰወሪያውን የማንሣት ሥራ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት፣ ማለት በኮማንድ ፕሮምፕት ይፈጸማል። የትእዛዙ ፊደሎች የላቲን ናቸው፤ መጽሔታችን ግን በአገራችን ፊደል ብቻ ስለሚባዛ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራን እንሄዳለን፤ አንባቢ ይታገሠን። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ተብሎ ሲጻፍ መስኮቱ ይመጣል። ፍላሹ ኤፍ የሚል ምልክት ተሰጥቶት እንደ ሆነ ኤፍን ጽፎ፣ ከአጠገቧ ወደ ላይና ወደ ታች የተደረደሩትን ሁለት ነጥቦች አክሎ ኢንተርን መጫን ነው። ቀጥሎ አትሪብ የሚለው ትእዛዝ ይጻፋል፤ ፊደሎቹም ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ ናቸው። ከዚያ ክፍት ቦታ እየተተወ የመቀነስ ምልክት ከኤች ጋር፣ የመቀነስ ምልክት ከኤስ ጋር፣ የመቀነስ ምልክት ከአር ጋር፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ሰረዝ ከኤስ ጋር፣ ያው ሰረዝ ከዲ ጋር፣ በመጨረሻም ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ ያለ ክፍተት ተገጣጥመው ይጻፋሉ። ኢንተር ከተጫነ በኋላ ፍላሹ ብዙ ፋይል ካለበት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። መስኮቱ ዝም ቢል ሥራ ላይ ነውና ፍላሹን አትንቀሉት።

ይህን ሁሉ ድካም ለምን? ዊንዶውስ የተሰወሩ ፋይሎችን አሳይ የሚል ምርጫ ያለው አይደለም ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አለው፤ ግን አይበቃም። ትሉ በፋይሎቹ ላይ ሁለት ምልክት ያደርጋል። አንደኛው «የተሰወረ» የሚል ነው፤ ኤች የተባለችው እርሷ ናት። ሁለተኛው «የሲስተሙ ንብረት» የሚል ነው፤ እርሷም ኤስ ናት። ሁለተኛው ምልክት ያለበትን ፋይል ዊንዶውስ እንደ ራሱ ንብረት ቈጥሮ በሌላ መጋረጃ ይጋርደዋል፤ በፕሮፐርቲስ ውስጥ ያለውንም የመሰወሪያ ሳጥን እንዳይነካ ያደበዝዘዋል። በትእዛዙ መስኮት እንኳ ኤችን ብቻዋን ለማንሣት ቢሞከር የሲስተም ፋይል ነው ብሎ እንቢ ይላል። ሁለቱ አብረው መነሣት ያለባቸው ስለዚህ ነው። አር የተባለችው ማንበብ ብቻ የሚፈቅደው ምልክት ናት፤ ሳትጠራ ብትቀር ብዙ አይጎዳም።

ትእዛዙ ሲፈጸም ባለቤቱ የማያውቃቸው ነገሮችም ብቅ ይላሉ። ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን የሚለው ፎልደር የዊንዶውስ የራሱ ስለ ሆነ አይነካ። ቀስት ያለባቸውና ክብደታቸው አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት የሆነ ሾርትከቶች ከቀሩ ሳይከፈቱ ይሰረዙ፤ እውነተኛ ፎልደር ቀስት የለውም። ባለቤቱ ያልጻፈው የስክሪፕት ፋይልም ከተገኘ እንዲሁ።

አንድ ሌላ ተንኮል ደግሞ አለ። ጋማሩ የተባለው ትል ፋይሎቹን በቦታቸው መሰወር ብቻ ሳይሆን ሰብስቦ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ስሙ በእውነት የለም ማለት ሳይሆን የማይታይ አንዲት ባዶ ምልክት ናት። ሰውየው ትእዛዙን በትክክል ጽፎ ሲያበቃ የሚያየው ስም የለሽ ፎልደር ብቻ ስለ ሆነ ይህም ቫይረስ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። በገዛ እጁ ሁሉን ሰረዘ ማለት ነው! ስም የለሽ ፎልደር ከመሰረዙ በፊት ይከፈት፤ ስምም ይሰጠው። የጓደኛችን መጠይቆች የተገኙት በዚህ ውስጥ ነበር። የዚህን ትል መረብ የሚመሩትን ማሽኖች የልዩ ልዩ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ዘግተዋቸዋል። ነገር ግን በየመሳቢያው የተኛ አሮጌ ፍላሽ ፖሊስ መጣ አልመጣ አይልም።

ከተሰወሩት መካከል አንድ ፋይል ብቻ ቢጎድል ደግሞ የአንቲቫይረሱ እስር ቤት፣ ኳራንቲን የሚባለው፣ ይታይ። በውስጡ ማክሮ ያለበት የዎርድ ወይም የኤክሴል ፋይል እንደ ተጠርጣሪ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ተለውጦ፣ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ከተገኘ በሽታው ሌላ ነው፤ ይኸውም ፋይሉን በቁልፍ የሚቈልፈው ወገን ነው። ለእርሱ እስካሁን ያልነው ሁሉ አይረዳም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፍላሹ ይታያል፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ግን ፋይሉ አልተገኘም ይላል፣ ወይም በየትኛው ፕሮግራም ልክፈተው? ብሎ ይጠይቃል። ይህ የቆየ ታሪክ ያለው ጣጣ ነው። ዊንዶውስ ቀድሞ ሲዲም ሆነ ፍላሽ ሲገባ አውቶራን የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ፈልጎ በውስጧ የታዘዘውን ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ትል በዚህች በር በሚገባ ተጠቅሟል፤ በሚመጣው የምርጫ ሰሌዳ ላይ «ፎልደሩን ክፈት» የሚል የሐሰት ጽሑፍ ከፎልደር ሥዕል ጋር እያቆመ ሰውን ያታልል ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርም በዚያው ዓመት፣ በሌላ ትል ምክንያት፣ በኮምፒዩተሮቹ ላይ ፍላሽ መሰካትን ከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ይህን በር ለፍላሽ ዘጋው፤ ለአሮጌዎቹ ለኤክስፒና ለቪስታም በፌብሩዋሪ 2011 ተመሳሳይ ማሻሻያ ተላከላቸው። ትሎቹ ወደ ሾርትከት ዘዴ ያዘነበሉትም በሩ ስለ ጠበበባቸው ነው።

አንቲቫይረሱ ትሉን ገድሎ አውቶራንን ሲተዋት፣ ወይም ኮምፒዩተሩ የድሮውን ትእዛዝ በትዝታው ይዞ ሲቀር፣ ሁለት ጊዜ መጫን የሞተውን ትል ፍለጋ ይሄዳል። ፋይሎቹ ምንም አልሆኑም። ከመስኮቱ በላይ ባለው የአድራሻ ቦታ ኤፍንና ሁለቱን ነጥቦች ጽፎ መግባት ይቻላል፤ ከገቡም በኋላ አውቶራንን ሰርዞ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ነው።

አሁን ደግሞ ፍላሹ በሌላ ቦታ ደኅና እየሠራ በተጠረገው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንቢ ሲል እንመልከት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተራ ነው፤ ፍላሹ የሚጠራበት ፊደል አላገኘም። በስታርት ምልክት ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ዲስክ ማኔጅመንት የሚለውን ሲከፍቱ ፍላሹ በዚያ ተዘርዝሮ ፊደል ከጎደለው ፊደል መስጠት ነው። በላቦራቶሪ ኮምፒዩተሮች ላይ አንዱን ፊደል የኔትዎርክ ድራይቭ ስለሚይዘው ይህ ይደርሳል።

ከዚህ የረቀቀው ተንኮል በሬጂስትሪ ውስጥ የሚሠራው ነው። ዊንዶውስ ኖ ድራይቭስ በሚባል ስፍራ የሚጻፍለትን ቁጥር አይቶ አንዳንድ ድራይቮችን ከዓይን ይሰውራል። ቁጥሩ ለኤ 1፣ ለቢ 2፣ ለሲ 4 እያለ በእጥፍ ስለሚያድግ ኤፍን ለመሰወር 32 ይበቃል። ይህ መሰወር እንጂ መቈለፍ ስላልሆነ በአድራሻው ቦታ የድራይቩን ፊደል ጽፎ መግባት ከተቻለ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ዩኤስቢስቶር የሚባል ሌላ ስፍራም አለ፤ በውስጡ ስታርት የሚል ቁጥር አለ፤ 3 ሲሆን ፍላሽ ይሠራል፣ 4 ሲሆን ኮምፒዩተሩ ፍላሽ የሚባል ነገር አላውቅም ይላል። ነገር ግን ይህን ቁጥር 4 የሚያደርገው ሁልጊዜ ተባይ አይደለም፤ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች በፍላሽ ብዛት ሲመረሩ ራሳቸው ያደርጉታል። ስለዚህ በግል ላፕቶፕ ላይ ካልሆነ በቀር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በግልም ቢሆን ሬጂስትሪ ከመነካቱ በፊት ቅጂው ይቀመጥ፤ በዚያ የሚሳሳት እጅ ከትሉ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ፍላሹ ቢጫ ምልክት ተደርጎበት ከታየ በጠረጋው ጊዜ አንድ ሾፌር ተበላሽቷል ወይም ጎድሏል ተብሎ ይጠረጠራል። መሣሪያውን ከዚያው ዝርዝር አስወግዶ፣ ፍላሹን ነቅሎ፣ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና አስነሥቶ መሰካት ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ወደሚያስፈራው ጉዳይ ደርሰናል። ፍላሹ በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርግ» የሚል መልእክት ያወጣል። ዊንዶውስ ይህን ሲል በትሕትና የሚመክር ይመስላል፤ ነገሩ ግን «ይህን ማንበብ አልቻልኩም፤ ላጥፋውና ሌላ እንጀምር?» ማለቱ ነው። መልሱ ካንስል ነው።

ይህ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ አንቲቫይረሱ ገና እየጠረገ ሳለ ፍላሹ ሲነቀል ነው። ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ቤተ መጻሕፍታችንን ማሰብ ይበቃል። መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የት እንዳሉ የሚናገሩት ካርዶች ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ። በፍላሽ ላይም እንዲሁ ጽሑፉ በአንድ በኩል፣ ጽሑፉ የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ በሌላ በኩል ይቀመጣል። መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ ፍላሹ ከተነቀለ ካርዶቹ ይደባለቃሉ፤ መጻሕፍቱ ግን ከመደርደሪያቸው አልተነሡም። ፋት 32 በሚባለው አቀማመጥ የተዘጋጀ ፍላሽ መዝገቡን በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ የመክፈቻውን ክፍልም ሌላ ቅጂ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በ6ኛው ሴክተር ያስቀምጣል። መዳኛው ከውስጡ አለ ማለት ነው።

ፎርማትም ሁለት ዓይነት ነው። ፈጣን የሚባለው ካርዶቹን ጥሎ በባዶ ካርድ ይተካቸዋል፤ መጻሕፍቱ ሌላ እስኪጻፍባቸው ድረስ ስለሚቈዩ ከዚህ የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። ሙሉ የሚባለው ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ መደርደሪያውን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ የሚመልስ ፕሮግራም የለም። በድንጋጤ ያንን ትንሽ የምርጫ ሳጥን ማን ያያል!

መልእክቱ የመጣበት ሰው የሚቻለው ከሆነ አስቀድሞ የፍላሹን ሙሉ ግልባጭ በአንድ ፋይል ያንሣ፤ በሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የተባለው መሣሪያ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። ጥገናው በግልባጩ ላይ ይሞከር። ቴስትዲስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የተደባለቀውን መዝገብ ከቅጂው ለመመለስ ይሞክራል። እርሱ ካልቻለ የዚሁ ደራሲ፣ የፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬንየ ሥራ የሆነው ፎቶሬክ አለ። ፎቶሬክ ካርዶቹን ከነጭራሹ ትቶ በመደርደሪያው ላይ እየሄደ የፋይሎችን አጀማመር ይለቅማል። ስማቸውን ስለማያውቅ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ አንድ በአንድ እየከፈተ ሲለይ ማደሩ ነው። የሚለቅመውንም ወደ ሌላ ዲስክ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ በዚያው ፍላሽ ላይ ቢጻፍ ገና ያልተገኘውን ይሸፍነዋል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው ቼክዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ ጠጋኝ ነው። ይህ መሣሪያ መዝገቡን የሚያስተካክለው በፍላሹ ላይ በመጻፍ ነው፤ ያልገባውንም ቁርጥራጭ ፋውንድ በሚል ፎልደር ውስጥ ቁጥር ሰጥቶ ያከማቸዋል። ግልባጭ ከተነሣ በኋላ ቢሞከር አንቃወምም፤ ከዚያ በፊት ግን አይሁን።

ፍላሹ መጠኑ 0 ነው የሚል ከሆነ፣ ወይም ተሰክቶ ሳለ ዲስክ አስገባ እያለ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ሕመሙ የብረቱ ነው፤ ፕሮግራም አያድነውም። እንዲሁም በርካሽ የተገዛ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች እየተከፈቱ የኋለኞቹ ካልተከፈቱ ቫይረስ ከመውቀስ በፊት ፍላሹ እውነት 64 ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በሽፋኑ ላይ ከያዘው በላይ የሚጽፍ ፍላሽ በገበያ ሞልቷል፤ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ የተጻፈውም ሁሉ የትም አልተጻፈም።

የጓደኛችን ነገር በሰላም አለቀ ብለን ስናበቃ በሦስተኛው ቀን ፍላሹ እንደ ገና ባዶ ሆነ። ስሕተቱ የእኛ ነበር። የጋራውን ኮምፒዩተር ጠረግን እንጂ በክፍሉ ያሉትን ሁለት ላፕቶፖች አላየናቸውም። ትሉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ተደብቆ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አብሮ ስለሚነሣ፣ አንድ የተበከለ ማሽን እስካለ ድረስ የጸዳ ፍላሽ ሁሉ ይመለስበታል። ስለዚህ በቅድሚያ ማሽኖቹ ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ ፍላሾቹ ሁሉ፣ በአንድ ምሽት መጠረግ ነበረባቸው። ይህንኑ አደረግን፤ አትሪብን ያለ ወረቀት መጻፍም ለመድን።

በማግስቱ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደን ባለቤቱን ቀስ ብለን፣ «ጋሼ፣ ማሽንዎ ቫይረስ ሳይኖርበት አይቀርም» አልናቸው። እርሳቸውም ወረቀት እያስተካከሉ፣ «ከእናንተው ፍላሽ ነዋ የመጣብኝ! እኔ መች ገጠር ወርጄ አመጣሁት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ማሽናቸውን ስንጠርግላቸው ቆየን፤ ሻይ አዘዙልን። ትሉ ግን በሳምንቱ ከሌላ ተማሪ ፍላሽ ተመልሶ ገብቷል። ጓደኛችን ጽሑፉን በጊዜው አስረክቧል። አሁን ለማሳተም የሚሄደው ከአሮጌ ዕቃው ባገኘው ባለ 2 ጊጋባይት ፍላሽ ነው፤ በላዩም የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ አለበት። ባለ 16ቱ ከክፍሉ አይወጣም።